የፎቶግራፍ ክበብ፦ ዓመቱ ከኒኮን ኤፍ3 ጋር

ክበቡ ዘንድሮ ሥራውን ያካሄደው በአንድ ካሜራ ነው፤ በኒኮን ኤፍ3። ይህ የፊልም ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ እስከ 2001 የተመረተ የባለሙያ መሣሪያ ነው፤ ቅርጹን የነደፈው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ለትምህርት የመረጥነው ግን ለዝናው ብለን አይደለም። ተማሪው የሌንሱን ቀዳዳ ሲወስን ካሜራው የመዝጊያውን ፍጥነት (ፊልሙ ለብርሃን የሚጋለጥበትን ጊዜ) ከ8 ሰከንድ እስከ 1/2000 ሰከንድ ራሱ ይመርጣል፤ የመረጠውንም በመመልከቻው ውስጥ በቁጥር ያሳያል። ቀዳዳው አንድ እርከን ሲጠብ የመጋለጫው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ተማሪው በዓይኑ ያየዋል።

ዓመቱ የተጀመረው ፊልም በመግጠም ነው። የፊልሙ ጫፍ በመጠቅለያው ዘንግ ስንጥቅ ይገባል፣ የዳርና ዳር ቀዳዳዎቹ በጥርሶቹ ላይ ይቀመጣሉ፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ በስተግራ ባለው መመለሻ እጀታ የላላው ይወጠራል። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣት ፊልሙ ሲሳብ ያ የግራ እጀታ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ አልተያዘም። አንድ ሙሉ ጥቅል ታጥቦ ባዶ ከወጣ ወዲህ ይህን ሳያይ ማንሳት የጀመረ ተማሪ የለም። የፎቶ ቆጣሪው 1 እስኪደርስ ካሜራው በ1/80 ሰከንድ ብቻ እንደሚሠራም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብልሽት አይደለም።

ብዙውን ጊዜ የወሰደብን፣ ሊወስድም የሚገባው፣ የብርሃን መለኪያው ነው። ብርሃን ሲለካ ትኩረቱን 80 በመቶ የሚሰጠው በመመልከቻው መሀል ላለው ባለ 12 ሚሊሜትር ክብ ነው፤ ለዙሪያው የሚቀረው 20 በመቶ ነው። መለኪያው ክቡ ያረፈበትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ይህን ለማየት ተማሪዎቹ የክፍሉን ነጭ ግድግዳና ጥቁር ሰሌዳውን በአንድ ብርሃን፣ እያንዳንዱን ፍሬሙን ሞልተው አነሱ። ኔጋቲቮቹ ጎን ለጎን በመስኮት ላይ ሲያዙ የትኛው ግድግዳ የትኛው ሰሌዳ እንደሆነ መለየት አስቸገረ፤ ሁለቱም ያው ግራጫ ነበሩ። በሚቀጥለው ጥቅል በመጋለጫ ማስተካከያው ቀለበት ለግድግዳው +2 (ሁለት እርከን ተጨማሪ ብርሃን)፣ ለሰሌዳው -1 (አንድ እርከን ያነሰ) ሰጥተው ደገሙት። ያኔ በታተመው ፎቶ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቀለበቱን ወደ 0 መመለስ የረሳ ግን ቀጣዮቹን ፎቶዎች በሙሉ አበላሸ።

ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ ሰው ሲነሳ ደግሞ ክቡ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ይደረጋል፣ ከሌንሱ ጎን ያለችው፣ ልኬቱን ባለበት የምታቆየው የመቆለፊያ ቁልፍ በመሀል ጣት ተጭና ትያዛለች፣ ፍሬሙ ይስተካከላል፣ ከዚያ ይነሳል። ጣቱ ቀድሞ ከተለቀቀ መለኪያው ወደ መስኮቱ ተመልሶ ፊቱን ያጠቁረዋል።

ካሜራው በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል። ኤስአር44 ከኤልአር44 ይሻላል፤ ሲልቨር ኦክሳይድ ስለሆነ ቮልቴጁ እስኪያልቅ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ባትሪ ቢያልቅም ሥራ አይቆምም፦ በመቆለፊያዋ ቁልፍ ዙሪያ ያለችው ትንሽ ዘንግ ስትገፋ ካሜራው በ1/60 ገደማ በሜካኒክ ያነሳል። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ፊልም (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ ነው) ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ቁጥር 16 ላይ ማድረግ ይበቃል።

ፍላሽ ላይ ብዙ አልቆየንም። ከ1/80 በላይ በሆነ ፍጥነት መዝጊያው ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ሳይከፍት ስለሚያልፍ የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የፍላሹ መቀመጫም በመመለሻ እጀታው ላይ ስለሆነ ፊልም ለመለወጥ ፍላሹ መነሳት አለበት፤ ይህ የካሜራው ደካማ ጎን ነው።

በዓመቱ መጨረሻ በአንዳንድ ፎቶዎች ዳር ብርሃን እንደ ጭስ ታየ። ምክንያቱ ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው የጀርባው ክዳን ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ሙጫ መጣበቁ ነው። በአልኮል በራሰ የእንጨት ጫፍ ተጠርጎ አዲስ ተለጥፏል። በዚህ ጊዜ የመዝጊያውን የቲታኒየም መጋረጃ ጣት እንዳይነካው መጠንቀቅ ያሻል፤ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይሰረጎዳል። ለክረምቱ ባትሪዎቹ ወጥተዋል፣ መዝጊያው ሳይወጠር ተትቷል፣ ካሜራውም ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በሣጥኑ ተቀምጧል።