«ለብርድ ወራት የተዘጋጀ» ተብሎ ስለተከራየነው ካምፐር የቀረበ ቅሬታ

ጃንዋሪ 27 ቀን 2025
ለካምፐር አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ በቁጥር 14 ካምፐር ማሞቂያና የደኅንነት መሣሪያ ላይ ስለተፈጠረው ችግር

ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በቁጥር 14 ካምፐር (ተንቀሳቃሽ ቤት) በወር 900 ዶላር ኪራይ እየኖርን እንገኛለን። ሁለታችንም የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ስንሆን፣ አፓርታማ ትተን ካምፐር የመረጥነው ከደመወዛችን ቆጥበን ለወንድሜ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ትምህርት ክፍያ ለማጠራቀም ነው። ውሉን የፈረምነው በአማርኛ ባወጣችሁት ማስታወቂያ ላይ ካምፐሩ «ለብርድ ወራት ሙሉ በሙሉ የተዘጋጀ» መሆኑን አንብበንና ሠራተኛችሁም በቃሉ አረጋግጦልን ነበር። ሆኖም ያገኘነው የተነገረንን አይደለም።

የካምፐሩ ሥር ክፍት ነው፤ የፍሳሽ ቧንቧውም ለነፋስ ተጋልጦ ተንጠልጥሏል። በዲሴምበር ወር ውኃው ሦስት ጊዜ በረዶ ሆኖ ቆሞብናል። ቅዝቃዜ የሚከላከል የአረፋ (ፎም) ሰሌዳ በራሳችን ገንዘብ ገዝተን ዙሪያውን ስለሸፈንነው ይህ ችግር በከፊል ተቃልሏል።

ዋናው ቅሬታዬ ማሞቂያውን ይመለከታል። ማሞቂያው በፕሮፔን ጋዝ የሚነድ ቢሆንም ሙቀቱን ወደ ቤት የሚገፋው ማራገቢያ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ስለዚህ የባትሪው ቻርጀር ከተበላሸ ሲሊንደሩ ጋዝ ሞልቶ እያለም ቤቱ ይቀዘቅዛል። ባለፈው ሳምንት ቅዝቃዜው ከዜሮ ፋራናይት በታች በወረደበት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የማራገቢያው ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ሲነጋ ትንፋሻችን ግድግዳው ላይ በረዶ ሠርቶ፣ የወንድሜ ብርድ ልብስ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አገኘነው። ስናላቅቀው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ነበር።

ጠዋት ወደ ቢሮአችሁ ስደውል ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ፣ ቴክኒሻን እስኪመጣ የምግብ ማብሰያውን ምድጃ ለኩሰን እንድንሞቅ መከረን። ይህን ምክር በዝምታ ማለፍ አልችልም። በተዘጋና በጠበበ ቤት ውስጥ ምድጃን ለማሞቂያ መጠቀም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በተጨማሪም አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ፣ ያ ሁሉ እርጥበት ተመልሶ ግድግዳችን ላይ ይረጋል። ምድጃውን ሳልነካ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ከግድግዳው ነቅዬ ጀርባውን ስመለከት፣ የተመረተው በ2013 መሆኑ ታትሞበታል። እንዲህ ያሉ ጠቋሚዎች እንደየዓይነታቸው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ካገለገሉ በኋላ መለወጥ አለባቸው። የመሞከሪያ ቁልፉን ደጋግሜ ብጫንም ድምፅ አልሰጠም። ምክሩን ሰምተን ቢሆን ኖሮ የሚያስጠነቅቀን አንዳች ነገር አልነበረም።

ቴክኒሻኑ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ሲሆን፣ ባትሪውን ለውጦ ቻርጀሩን ሳይፈትሽ ሄደ። በእነዚያ ቀናት እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሚወስዱ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ገዝተን ነበር። ነገር ግን የካምፐሩ መስመር ባለ 30 አምፔር በመሆኑ፣ በላዩ ላይ ውኃ ማፍያ ስንሰካ ኤሌክትሪኩ እየተቋረጠ በጨለማ ወጥተን እንመልሰው ነበር። የፕሮፔን ማሞቂያው በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) የሚፈጅ ስለሆነ፣ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ሳያቋርጥ ቢነድ የሚቆየው 14 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወለሉ ከሥር ቅዝቃዜ ስለሚያስገባ ማሞቂያው ከሚገባው በላይ ይነዳል፤ በመሆኑም በሳምንት ሁለት ሲሊንደር ይበቃችኋል የተባልነው አራት ሆኖብናል።

ስለዚህ ቻርጀሩ እስከ ጃንዋሪ 31 እንዲቀየር፣ የካምፐሩ ሥርና ቧንቧው ሙቀት በሚይዝ ነገር እንዲሸፈን፣ ለአረፋ ሰሌዳውና ለሁለቱ ማሞቂያዎች ያወጣነው ወጪ በደረሰኙ መሠረት እንዲተካልን፣ ማሞቂያ ያልነበረባቸው አራት ቀናትም ከፌብሩዋሪ ወር ኪራይ ላይ እንዲቀነሱልን እጠይቃለሁ። ማስታወቂያውም ካምፐሮቹ በእርግጥ እስኪዘጋጁ ድረስ እንዲነሣ አሳስባለሁ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው በዛሬው ዕለት እንዲቀየርልን እጠይቃለሁ። ከጎናችን ባለው የእናንተው ካምፐር ውስጥ ጨቅላ ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ይኖራሉ። የእነርሱም የሌሎቹ ተከራዮችም ጠቋሚ በዚሁ ቀን ተፈትሾ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲደርሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቁጥር 14 ካምፐር ተከራይ