ሉፐስና ጭንቅላታችን

ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው አንዷ እህታችን "ሽሮ ጥጄ ረስቼው ቤቱ በጭስ ሲሞላ ነው የነቃሁት" ስትል ሳቅን እንጂ የሁላችንም ታሪክ ነው። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነታችን መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ መገጣጠሚያና ኩላሊት ላይ ብቻ አይቆምም፣ አንጎልንም ይነካል። መርሳት፣ ድብርት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ሊያመጣ ይችላል። ቡዳ አይደለም! ለሉፐስ የምንወስደው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒትም መጠኑ ሲጨምር እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል፤ ግን ተናዳችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ በድንገት ማቋረጡ አደገኛ ነው። ከበሽታው ይሁን፣ ከመድኃኒቱ ወይስ ከኢንፌክሽን፣ ሐኪም ይለየው። ጠበል የምትሄዱም ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።