ቀድሞ የተከፈለበትን መልስ ለምን ሁለተኛ ታስከፍሉናላችሁ?

ለፖስታ አገልግሎት የሥራ ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ በአካል ቀርቤ፣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ አጥቻለሁ። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሳይንስ ያስተማሩኝ ጃፓናዊ መምህር ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በፈቃደኝነት መጥተው ያስተማሩን ሰው ናቸው። እስከ አሁን በእጃቸው ይጽፉልኛል። ጡረተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ ለመልሱ ከኪሴ እንዳላወጣ ከደብዳቤው ጋር ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን፣ ማለትም ፖስታ ቤት ውስጥ በቴምብር የሚቀየር ወረቀት፣ ይልኩልኛል። የጃፓን ቴምብር እዚህ አይሠራምና ሌላ መንገድ የላቸውም።

ኩፖኑን ይዤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስታ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ለባልደረባዋ አሳየችው። ከዚያ በመስታወቱ ሥር ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። «አባባ፣ ይህ ገንዘብ አይደለም» አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም፤ ማንም አላስተማራትም። በሁለተኛው ጊዜ «መመሪያ እስኪመጣ ይጠብቁ» ተባልኩ። አምኜ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ።

በዚያ መካከል ሌላ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥኔ ደረሰኝ። መምህሬ «ታመሃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጽሑፋቸው ተንቀጥቅጧል፤ ሁለተኛው መስመር ወደ ታች ወርዶ ሦስተኛውን ነክቶታል። እዚያው ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩትና አፈርኩ። በማግስቱ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣሁ። መመሪያ የሚባለው አልመጣም። ቴምብሩን በራሴ ብር ገዝቼ መልሱን ላክሁ። የአንድ ሽማግሌ የስድስት ሳምንት ጭንቀት ግን በብር አይመለስም።

ደንቡን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ይህ ኩፖን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ሮም ላይ የተወሰነ ነው። አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በዚያው አቆጣጠር በ1908 ነው፤ ስንገባ ኩፖኑ ነበር። አንድ አገር ኩፖኑን አልሸጥም ማለት ይችላል። አልቀይርም ማለት ግን አይችልም፤ ወደ ውጭ ለሚላክ አንድ ተራ ደብዳቤ የሚበቃ ቴምብር የመስጠት ግዴታ አለበት። የቀየረው ፖስታ ቤት ሒሳቡን በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ባለው በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ያገኛል። ታዲያ ምን ይጎድልባችኋል? መምህሬ ቶኪዮ ላይ ከፈሉ፣ እኔ ደሴ ላይ ደገምኩ።

የምጠይቀው አንድ ገጽ መመሪያ ከኩፖኑ ናሙና ጋር በየመስኮቱ እንዲደርስ፣ ለሁለቱ ማመልከቻዎቼም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ነው። በቀሪ ቅጂዎቻቸው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አለ፤ ጠፉ አይበሉኝ።

ኩፖኑ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ የተጻፈበት ቀን አላለፈም። ሰኞ ጠዋት ይዤው እዚያው መስኮት እቆማለሁ።

ከኮምቦልቻ፣ አንድ የፖስታ ሣጥን ተከራይ