የወገብ ሕመም ሁሉ ከዲስክ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ወገብ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁሉንም በዲስክ መንሸራተትና በከባድ ሸክም ማሳበቡ አሳስቦኛል። ወጣቱን ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ጀርባውን የሚያደርቀው፣ ሲያርፍ ብሶ ሲንቀሳቀስ የሚቀለው ሕመም ከሦስት ወር በላይ ከዘለቀ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ የተባለው የአከርካሪ ብግነት ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የለንደንና የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በሽታው ኤችኤልኤ-ቢ27 ከተባለ ዘረመል ጋር መያያዙን አሳዩ። ከአውሮፓውያን ሕሙማን አብዛኞቹ ይህ ዘረመል አላቸው፤ ከሰሃራ በታች ባሉት ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ዘረመሉ በምርመራ አልተገኘም ተብሎ በሽተኛው ሊሸኝ አይገባም። ለዚህ በሽታ የሚሰጡት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግዱት መድኃኒቶችም የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የራሳችንን ሕሙማን መዝግበው ያጥኑ፤ እናንተም ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ