ስለ ክሊራንስ፣ ስለ ዕዳና አገር ቤት ስላሉ ዘመዶቻችን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ወጣቶቻችን በፌዴራል መንግሥት የኮንትራት ሥራዎች እንዲወዳደሩ የሚመክር ጽሑፍ ባለፈው እትማችሁ አውጥታችኋል። ምክሩ መልካም ነው። ስለ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥትን ምስጢር ለማየት ስለሚሰጠው ፈቃድ፣ «እናት አባቱ አገር ቤት ያሉ ሰው ክሊራንስ ስለማያገኝ ባይደክም ይሻላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ስሕተት ነው፤ ሰውንም ይጎዳል። በሰሜን ቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት የወገኖቼን የግብር ወረቀት ስሞላ ስለኖርኩ፣ ያለባቸውን ዕዳም ለቤተሰብ የሚልኩትን ገንዘብም በቅርብ አያለሁ።

ፈቃዱ የሚሰጥበትና የሚከለከልበት መመዘኛ በይፋ የታተመ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ «ቢ» የተባለው የውጭ ተጽዕኖን፣ «ኤፍ» የተባለው ደግሞ የገንዘብ አያያዝን ይመለከታል። ዘመድ ባሕር ማዶ መኖሩ ብቻውን ማንንም አያስከለክልም፤ በክፍል «ቢ» የሚመረመረው ያ ዘመድ አመልካቹን ለማስፈራራት ወይም ለማባበል መያዣ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ የአገሩ ሁኔታ፣ የዘመዱ ሥራና የግንኙነቱ ጥብቀት በአንድ በኩል፣ አመልካቹ በአሜሪካ የመሠረተው ትዳር፣ ያሳደጋቸው ልጆች፣ ያፈራው ንብረትና የሥራ ታሪኩ በሌላ በኩል ሆነው ይመዘናሉ። ጡረታ የወጣች መምህርት እናትና በመከላከያ ወይም በደኅንነት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወንድም እኩል አይታዩም። (በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ እህቱን «ይህም መንግሥት ነው እንዴ?» ብሎ የዘለለ ሰው አጋጥሞኛል። አዎን፣ እሱም መንግሥት ነው።)

የጽሑፋችሁ ጉዳት እዚህ ላይ ይጀምራል፤ «ዘመድ ያስከለክላል» የተባለ ሰው ዘመዱን ይደብቃል። ክሊራንስ የሚጠይቅ ሰው የሚሞላው ቁጥር 86 የተባለው ቅጽ የእናት ልጅንና የአባት ልጅን፣ የእንጀራ አባትንና እናትን፣ አማትን ጭምር ይጠይቃል፤ የሚሞላው መልስም ከዓመታት በፊት በዲቪ ወይም በጥገኝነት ጊዜ ከቀረበው ፋይል ጋር ሊተያይ ይችላል። በእኛ ቤት የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ይባላል፤ የትውልድ ዓመትም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት መካከል ይዋልላል። በቅን ልቡና የመጣ እንዲህ ያለ ልዩነት በማስረዳት ሊታለፍ ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ዘመድ ግን የሐቀኝነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ለፌዴራል መንግሥት አውቆ ሐሰት መናገርም እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። አገር ቤት ቤት የገዛም ሆነ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ይህንኑ ማስፈር አለበት፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዘም ቢያስታውቅ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በክፍል «ኤፍ» ነው። በአርሊንግተን የሚገኘው የመከላከያ ሚኒስቴር የችሎትና የይግባኝ መሥሪያ ቤት በኮንትራክተር ሠራተኞች ላይ የሚሰጣቸውን ውሳኔዎች የአመልካቹን ስም ሰርዞ ለሕዝብ ያወጣል፤ ጥቂቶቹን ያነበበ ሰው ያልተከፈለ ክሬዲት ካርድ፣ የሕክምና ቢልና ያልቀረበ የዓመት ግብር ደጋግሞ ያገኛል። ቅጹም ባለፉት ሰባት ዓመታት ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ዕዳን ሁሉ ይጠይቃል።

ዕዳና ዝምድና በእኛ ኑሮ ውስጥ አይነጣጠሉም። እናቱ ታማበት በክሬዲት ካርድ ተበድሮ የላከ፣ ለአክስቱ ልጅ የመኪና ብድር አብሮ ፈርሞ ዕዳው የዞረበት፣ እቁቡን ላለማፍረስ የካርዱን ክፍያ ያሳለፈ ስንት ሰው አለ! የእናቲቱ ሕመም በክፍል «ቢ» የጥብቅ ዝምድና ምልክት፣ በክፍል «ኤፍ» ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ አንዱ ሐዋላ ሁለት ጊዜ ይቆጠርበታል ማለት ነው። መመሪያው ሥራ ማጣትን፣ ሕመምንና ፍቺን የመሰለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ይቀበላል፤ ቀጥሎ ግን «ከዚያስ በኋላ ምን አደረግህ?» ይላል። ለአበዳሪው ደውሎ፣ በወር 100 ዶላርም ቢሆን ለመክፈል ተስማምቶ፣ ደረሰኙን በየወሩ ያጠራቀመ ሰው የሚያሳየው ነገር አለው። «ሰባት ዓመት ሲሞላው ከክሬዲት ሪፖርት ላይ ይወጣል» የሚለው የቡና ላይ ምክር እዚህ አይሠራም። በሜሪላንድ አብዛኛው ዕዳ ከሦስት ዓመት በኋላ በይርጋ ቢታገድም፣ የክሊራንስ ዳኞች በይርጋ መሸሸግን በቅንነት እንደ መክፈል አይቆጥሩትም። በፍርድ ቤት ኪሳራ ማሳወጅ በአንጻሩ ሕጋዊ መንገድ ስለሆነ ብቻውን በር አይዘጋም።

ይህን ስል ሥርዓቱ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በኢጋን መዝገብ ክሊራንስ የማንም መብት እንዳልሆነ ወስኗል፤ ጥርጣሬ ሲኖርም ውሳኔው ወደ መንግሥት ያደላል። እናትን መጦር እንደ ወግ በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ፍቅሩን ለመርማሪ እንደ ሥጋት ማስረዳት ሲኖርበት ቅር ቢለው አልፈርድበትም።

ያም ሆኖ መልስ የመስጠት ዕድል አለ። የጥርጣሬው ምክንያት የተዘረዘረበት ደብዳቤ የደረሰው የኮንትራክተር ሠራተኛ በ20 ቀን ውስጥ መልስ ሰጥቶ ችሎት መጠየቅ ይችላል። አንድ የማውቀው ወጣት ደብዳቤው ሲደርሰው «እናቴ አዲስ አበባ ስላለች ነው» ብሎ ሙሉውን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ከሁለት ወር በኋላ ለግብር ሥራ ሲመጣ አብረን አነበብነው፤ ስለ እናቱ አንድም ቃል አልነበረበትም። የተጠየቀው ስለ ሁለት ክሬዲት ካርዶችና ሳያቀርብ ስላሳለፈው የአንድ ዓመት ግብር ነበር።

በሚቀጥለው እትማችሁ በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ማስተካከያ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ