ኮስቲክ ሶዳ ለአሉሚኒየም አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በየግቢው ጓሮና በየሰርቪስ ቤቱ የጥገና ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ሞተር ክዳን፣ የመኪና ቸርኬ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የመስኮትና የበር ፍሬም እየገዙ ወይም እየተቀበሉ፣ አሮጌውን ቀለም አስለቅቀው አዲስ ቀለም ይቀባሉ። ሥራው የሚያስከብር ነው፤ የሚጣለውን ዕቃ መልሶ ለአገልግሎት ያበቃል። ነገር ግን ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ አሉሚኒየም ሆነው ሳለ ቀለማቸው የሚለቀቀው በብረት ዘዴ መሆኑን በየቦታው ስለማይ፣ ይህ ልማድ ሰው ሳይጎዳና ንብረት ሳይጠፋ እንዲቀር በጋዜጣዎ በኩል ለማሳሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በጣም የተለመደው ዘዴ ኮስቲክ ሶዳ በባልዲ ውሃ በጥብጦ ዕቃውን ነክሮ ማሳደር ነው። ለብረት ይህ ይሠራል፤ ኮስቲክ ሶዳ በተለመደው ሙቀት ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይነካም። አሉሚኒየም ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ዝናብና እርጥበት ሳይበላው ዘመናት የሚቆየውም በዚህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ የሚጸናው የነካው ፈሳሽ በጣም አሲድ ወይም በጣም አልካሊ እስካልሆነ ድረስ፣ ማለትም ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) በግምት ከ4 እስከ 8.5 ባለው ክልል ውስጥ ነው። በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ኃይለኛ አልካሊ ሆኖ ከዚህ ክልል እጅግ ርቆ ወደ 14 የሚጠጋ በመሆኑ መጀመሪያ ሽፋኑን ያሟሟል፤ ቀጥሎ ራሱን አሉሚኒየሙን መብላት ይጀምራል። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ የሚያሹ እናቶች ድስቱ እየጠቆረ ሲሄድ የሚያዩት የዚሁ ጠባይ ደካማ መልክ ነው፤ እርጥብ አመድም አልካሊ ነውና።

በባልዲው ውስጥ አረፋ ሲነሳ ብዙዎች «ቀለሙ እየለቀቀ ነው» ብለው ይደሰታሉ። እየለቀቀ ያለው አሉሚኒየሙ ነው። አረፋው ሃይድሮጂን ሲሆን፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ 4 በመቶ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚህም በላይ አሉሚኒየሙ ሲበላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ ደግሞ መብላቱን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ የቆየ ባልዲ በድንገት ፈልቶ ሊገነፍልና የሚያቃጥለውን ውሃ ወደ ፊትና ወደ ዓይን ሊረጭ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ሲገባ ከብዙ አሲዶች ይብሳል፤ ሥጋውን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና። ይህ የደረሰበት ሰው ወዲያውኑ፣ ምንም ሌላ መድኃኒት ሳይፈልግ፣ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ከዚያ በኋላ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

በዕቃው ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። የኩሽኔታ መቀመጫ ይሰፋል፤ የቡሎን ጥርስ ይሳሳል፤ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ገጽ ይቦረቦራል። ቀለሙ ለቆ ያማረ የሚመስል የሞተር ክዳን ተገጥሞ ዘይት ሲያንጠባጥብ ጥፋቱ በገጣሚው መካኒክ ላይ ይጣላል፤ ምክንያቱ ግን ባልዲው ውስጥ ያደረበት ሌሊት ነው።

ሁለተኛው መጥፎ ዘዴ እሳት ነው። ቀለሙን በከሰል ፍም ወይም በጋዝ ነበልባል ማቃጠል ፈጣን ስለሚመስል በተለይ በቸርኬ ላይ ይዘወተራል። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ሲሆን ከመቅለጡ በፊት በዓይን የሚታይ መቅላት አያሳይም። ከመቅለጡ እጅግ ቀድሞም፣ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ቆይቶ፣ በፋብሪካ በሙቀት ሕክምና ያገኘውን ጥንካሬ ማጣት ይጀምራል። ቸርኬው መልኩ ሳይለወጥ ይለሰልሳል ማለት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ሰው በጫነ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ቸርኬ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በእሳት የነደደ ቸርኬ ቀለም ተቀብቶ ሊሸጥ ከቶ አይገባም።

ሦስተኛው በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ይህ በመሠረቱ ከሁለቱ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለውን ነገር ሳያውቁ መግዛት አደገኛ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሲሠራበት የኖረው ሜቲሊን ክሎራይድ፣ በሌላ ስሙ ዳይክሎሮሜቴን፣ አሉሚኒየምን እንደ ኮስቲክ ሶዳ አይበላም፤ የሚጎዳው ሠራተኛውን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ እንኳ በ40 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በቀላሉ ይተናል፤ ትነቱ ከአየር ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ ሰው ሲተነፍሰው ራስን ያስታል፤ በሰውነት ውስጥም ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ሰዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሠሩበት ስለሞቱ የአውሮፓ ኅብረት ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ከልክሎታል፤ አሜሪካም በ2019 እ.ኤ.አ. ለቀለም ማስለቀቂያነት በችርቻሮ እንዳይሸጥ አግዳለች።

እኛ ይህን ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ልንፈራው ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ከዋና ሥራው መልስ በማታ የሚሠራ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቆርቆሮውን አጠገቡ ከፍቶ ይቀመጣል። ከሰሉ በአየሩ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ማስለቀቂያው በደሙ ውስጥ ያንኑ ያመነጫል፤ ትነቱ ፍም ሲነካ ደግሞ ፎስጂን የተባለ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ከሰል የሚያመጣውን የራስ ምታት ሁላችንም ስለለመድነው፣ የማስለቀቂያውንም ምልክት «ከሰሉ ነው» ብሎ ቸል ማለት ይመጣል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ተራ የላስቲክ ጓንትም ለዚህ ፈሳሽ አይበቃም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? ቅባቱና ጭቃው አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ። ከዚያ ቤንዚል አልኮል ያለበትና በመያዣው ላይ ለአሉሚኒየም እንደሚስማማ የተጻፈበት ማስለቀቂያ ተፈልጎ ይገዛ፤ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ትዕግሥት ለሚችል ሰው ሥራውን ይሠራል። ቀኑ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋሱን ወደ ጀርባ አድርጎ ወፈር ተደርጎ ይቀባና በፕላስቲክ ይሸፈን፤ የደጋው ነፋስ ቶሎ ስለሚያደርቀው ያልተሸፈነ ማስለቀቂያ ሳይሠራ ይቀራል፤ ብርድም ያዘገየዋል። የተነፋፋውን ቀለም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት ይገባል፤ በቢላዋ መፋቅ ዕቃውን ይጭረዋል። በተራ የሽቦ ብሩሽ ማሸትም አይገባም፤ ከብሩሹ የሚቀሩ የብረት ብናኞች በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ተሰክተው እርጥበት ሲያገኙ ዙሪያቸውን ያስበላሉ። የናይለን ብሩሽ፣ ወይም ብረት ነክቶ የማያውቅ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ይበቃል።

የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የሚፈልግ በውሃ እያራሰ ይሥራ። አሮጌ ቀለም በተለይ ቢጫውና ቀዩ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ በአሮጌ አሉሚኒየም ላይ ከሥር የሚገኘው ቢጫ አረንጓዴ ቀለምም ብዙ ጊዜ ካንሰር የሚያመጣ ክሮሜት አለበት። ደረቅ ብናኙ በግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ሕፃናትን ይጎዳል። የወንዝ አሸዋ በኮምፕረሰር እየነፉ ማጽዳትም ሳንባን ለማይድን በሽታ ስለሚዳርግ ጨርሶ መቅረት አለበት። ዕቃው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በእጅ ሳይነካካ በዚያው ቀን ለአሉሚኒየም የተዘጋጀው መነሻ ቀለም ይቀባ፤ ለብረት የተሠራ አንቲረስት በአሉሚኒየም ላይ በደንብ አይያዝም።

የተፋቀው ዝቃጭ ቦይ ውስጥ እየተደፋ ነው። ቦዩ ወደ በረሳ ይገባል፤ በረሳ ደግሞ ከብት የሚጠጣበትና አትክልት የሚለማበት ወንዝ ሲሆን ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ዝቃጩን በጋዜጣ ላይ አድርቆ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅሞ፣ ከቤት ቆሻሻ ለይቶ ማስቀመጥ የማንንም አቅም አይጠይቅም፤ የከተማው አስተዳደርም ይህን ለይቶ የሚሰበስብበትን ቦታ ቢያዘጋጅ የጥገና ሠራተኛው በደስታ ያመጣል።

በመጨረሻ የምጠይቀው ከሻጮች ነው። ኮስቲክ ሶዳም ሆነ ቀለም ማስለቀቂያ ከትልቅ መያዣ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ እየተገለበጠ ያለ ምንም ጽሑፍ ይሸጣል። በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለን ነገር የተጠማ ልጅ ያነሳዋል። ንግድ ቢሮው ይህን እንዲከለክል፣ በእያንዳንዱ መያዣ ላይም የኬሚካሉ ስም፣ ለአሉሚኒየም መሆን አለመሆኑ፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ሲገባ መደረግ ያለበት በአማርኛ እንዲጻፍ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም የብረታ ብረትና የአውቶ ሠልጣኞችን ስለ አሉሚኒየም ለብቻው እንዲያስተምሩ በአክብሮት አመለክታለሁ። የዝግጅት ክፍሉም አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያና አንድ ሐኪም ጋብዞ በዚህ ጉዳይ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ቢያወጣ፣ ገጹን ቆርጠው በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ብዙዎች ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ