ግዴታው ለሴቶችም እኩል ካልሆነ ልዩነቱን ያሰፋዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ ይሁን የሚሉ ወገኖች ሁሌም የሚጠቅሱት አውስትራሊያን ነው። በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው የመራጮች ተሳትፎ፣ ሕጉ በ1924 ወጥቶ በ1925ቱ ምርጫ ከ91 በመቶ በላይ ደረሰ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ያስመርጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ አጠቃላይ ቁጥር መልስ አይሆንም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ግዴታው ማን ላይ እንደተጣለ ነው። ኢኳዶር በ1929 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትሰጥ ከላቲን አሜሪካ አገሮች ቀዳሚ ነበረች። ግዴታው ግን የወንዶች ብቻ ነበር፤ የሴቶቹ እስከ 1967 ድረስ በፈቃዳቸው ላይ ቆየ። የብራዚል የ1934 ሕገ መንግሥትም ከሴቶች መካከል ያስገደደው ደመወዝ የሚከፈልበት የመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሕግ ለሴቶች የታዘነ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ባል ቅጣት ስላለበት ይሄዳል፤ ልጅ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ቅጣት የሌለባት ሚስት ትቀራለች። የወንዶቹ ተሳትፎ በሕግ ሲገፋ የሴቶቹ ባለበት ይቆማል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። በጣሊያን የ1946 ምርጫ ድምፅ መስጠት የሁለቱም ፆታ ግዴታ ነበር፤ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበት በዚያ ምርጫ የወንዱም የሴቷም ተሳትፎ 89 በመቶ ገደማ ሆነ።

ቀጥሎ የቅጣቱ ዓይነት ነው። በቦሊቪያ ድምፅ የሰጠ ሰው የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ያንን ያልያዘ ለ90 ቀን በባንክ ገንዘብ ማንቀሳቀስም ሆነ ፓስፖርት ማውጣት አይችልም። የባንክ ሒሳብ የሌላትንና ፓስፖርት አስባው የማታውቀውን ሴት ይህ ምንም አይነካትም። የገንዘብ ቅጣትም ቢሆን ከባል ኪስ የሚከፈል ከሆነ ትሂድ አትሂድ የሚለውን የሚወስነው ከፋዩ ነው። ፔሩ ቅጣቱን እንደየወረዳው የድህነት ደረጃ ከፍና ዝቅ ማድረጓ የተሻለ አሠራር ነው፤ በቤት ውስጥ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ግን እሱም አያይም።

ከሁሉ የሚብሰው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው የተመዘገበን ሰው ብቻ ነው። ህንድ ለመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫዋ መራጮችን ስትመዘግብ፣ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የራሳቸውን ስም ሳይሆን «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ ልጅ» ብለው በማስመዝገባቸው ከመዝገብ ተሰረዙ። እነዚህን ሴቶች የትኛውም ቅጣት ወደ ምርጫ ጣቢያ አያመጣቸውም። ያችው ህንድ በ2019 ያለ ምንም ግዴታ የሴቶችና የወንዶች ተሳትፎ 67 በመቶ ላይ እኩል ሆኖባታል። ስለዚህ ስለ ቅጣት ከመነጋገር በፊት እያንዳንዷ ሴት በገዛ ስሟ መመዝገቧ ይረጋገጥ።

በመጨረሻም፣ የየጣቢያው የውጤት ቅጽ የመራጮችን ቁጥር በፆታ ለይቶ ይያዝ። የፓኪስታን የ2017 የምርጫ ሕግ በአንድ የምርጫ ክልል ከተሰጠው ድምፅ የሴቶቹ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ኮሚሽኑ ውጤቱን ሊሰርዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በ2018 ሻንግላ በተባለ የዚያችው አገር ወረዳ የአንድ የክልል ምክር ቤት መቀመጫ ውጤት በዚሁ ምክንያት ተሰርዞ ምርጫው ተደግሟል። የሴቶቹ ድምፅ ለብቻው ባይመዘገብ ኖሮ መቅረታቸውን ማንም በማስረጃ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ከሰላምታ ጋር